እንጨት ቀማሹ ወንድሜ

ወንድሜ በግራ እጁ አንድ ቁራጭ ወይራ ይዞ በቀኝ አውራ ጣቱ ይዳብሰዋል። አዳበሱ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነው። ከዚያ ግራና ቀኙን ያይና ማንም የማያየው ሲመስለው በምላሱ ጫፍ ላስ ያደርገዋል። እንጨቱ ሲርስ ተደብቆ የኖረው ቀለሙ ብቅ ይላል፤ ቢጫው ማር ይመስላል፣ ቡናማው ይጠቁራል፣ ጅማቶቹ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛሉ። "አየሽ እታለሜ፣ ነቃ" ይለኛል። እኔም የእንጨቱን መንቃት አይቼ፣ የምላሱንም ነገር እንዳላየሁ ሆኜ፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

በየዘመዱ መሃል እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ሊጠይቃችሁ ይመጣል፣ እናንተን ግን አያያችሁም። ጥርስ ሐኪም ከሆነ ስትስቁ ጥርሳችሁን ይመረምራል። ልብስ ሰፊ ከሆነ እየሳማችሁ የኮታችሁን ገበር ገለጥ አድርጎ ያያል። የኔ ወንድም የስኑከር ጨዋታ ኳስ መምቻ ዱላ በእጁ የሚሠራ ሰው ነውና የሚጠይቀው የወንበራችሁን ጤና ነው። መጀመሪያ ያንኳኳዋል፣ ከዚያ ያሸተዋል፣ ከዚያ ይገለብጠዋል። የመጨረሻውን ነግሬያችኋለሁ።

የሥራ ቤቱ ከጓሮ ነው። ጣውላዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እንዳይሰነጠቁ ጫፍ ጫፋቸው ሰም ተቀብቶ ቆመዋል። ምነው አትሠራባቸውም ሲሉት "እያረፉ ነው" ይላል። ዓመት ያልፋል፤ አሁንም እያረፉ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ እንደ እነሱ ያረፈ ፍጡር የለም።

ዱላ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመርጠው ያንን ዓይን ዓይን ያለበትን፣ ሞገድ የበዛበትን ጌጠኛ እንጨት ነው። አንድ የታክሲ ሹፌር ከላይ እስከ ታች ከዚያ ይሁንልኝ ብሎ ድርቅ አለ። የተከበሩ ወንድሜ መላጊያቸውን አስቀመጡና እንደ ሰባኪ ጣታቸውን አነሱ፦ "መልክ ለእጀታ፣ ጠባይ ለዘንግ!" ያማረ እንጨት ኩሩ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ያኮርፋል፣ ሙቀት ሲመጣ ይጣመማል። ስለዚህ ቦታው ከታች ነው፣ እጅ በሚይዝበት። ኳሱን የሚመታው ረጅሙ ዘንግ ግን ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ ሲያዩት ምንም የማያስደንቅ ነጭ እንጨት መሆን አለበት። ሹፌሩ የመጣው ዱላ ሊያሠራ ነበር፤ የወጣው ስለ ትዳር ተመክሮ ነው።

ሥራው ላይ ደግሞ ምሕረት አያውቅም። የእጀታው ዞጲ፣ ያ ጥቁሩ፣ ከክብደቱ የተነሳ ውሃ ውስጥ የሚሰምጠው ውድ እንጨት፣ አራት ሹል ምላስ አውጥቶ ወደ ነጩ ዘንግ ይገባል። አራቱም እኩል መድረስ አለባቸው። አንዱ የፀጉር ያህል ከቀደመ፣ እኔ በመነጽርም አላየውም፣ እሱ ግን እንቅልፍ ያጣል፤ በነጋታው ቆርጦ ይጥለውና ሀ ብሎ ይጀምራል። የተጣለው አይባክንም። በእኛ ቤት መጥረጊያው እንኳ የዞጲ እጀታ አለው።

ይህ ሰው እንግዲህ ቤቱ ቢቀመጥ ደግ ነበር። ሐኪም ቤት ወስጄው ተራው ደርሶ ሲጠራ ከአግዳሚው ወንበር ሥር አጎንብሶ ነበርና ሌላ ሰው ይግባ አለ። የጎረቤታችን ቀብር ላይ ሳጥኑን እየዳበሰ ሲያለቅስ ለቀስተኛው ሁሉ አብሮት አለቀሰ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ የሚያንሾካሹከውን ሰምቻለሁ፤ "ይህን የመሰለ እንጨት አፈር ሊበላው" ነበር የሚለው። ዋሽቶም አያውቅም። የአጎታችን ልጅ ስታገባ በሠርጓ ዕለት አዲሱ አልጋዋ ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጣበቀ ችፑድ መሆኑን በደስታ መሃል አብስሯታል። እስከዛሬ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው።

እንግዲህ የሱ ልጅ ትዳር ልትይዝ ሆነች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔና እሱ ያሳደግናት አንዲት ልጅ ናት። የሚያገባት ልጅ እናት ነገሩን ገና ልባቸው አልተቀበለውም ነበር። "የጨዋታ ዱላ የሚሠራ ሰው ልጅ" ብለዋል የሚል ወሬ ደርሶናል። ለትውውቅ ቤታቸው ስንጠራ ልጅቷ ከበር ላይ አባቷን ያዘችው።

"አባዬ፣ እንዳታንኳኳ። እንዳትገለብጥ። እንዳትልስ። በአክስቴ ማልልኝ።"

በእኔ ማለ። እኔም ለነፍሴ ፈራሁ።

ልጅቷ ብልህ ናት። ገበታ እንደቀረበን በአንድ እጁ ብርጭቆ፣ በሌላው የኬክ ሳህን አስያዘችው። ሁለቱም እጆቹ ስለታሰሩ ትንፋሼ ተመለሰ። የልጁ እናት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እያሻሹ ጨዋታ ጀመሩ። ንጹህ ዞጲ ነው አሉን፤ ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ሲጋቡ በገዛ እጃቸው የሠሩላቸው። በከተማው ሁለተኛ የለውም።

ዞጲ የሚለው ቃል ሲጠራ የወንድሜ ጆሮ ይቆማል። እጁን ጠብቀን ጉልበቱን ረስተን ኖሯል። ጠረጴዛው ከነሳህኑ፣ ከነብርጭቆው፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ሙሽራው የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎት ጣሪያውን አየ።

"ቀለለ" አለ ወንድሜ፣ ለራሱ።

"ምን አሉ?" አሉ እናትየው።

እሱ ግን ሳህኑን አስቀምጦ ከጠረጴዛው ሥር ገብቷል። የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ኳ፣ ኳ ተሰማ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ጸጥታው ምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና ልጅቷ ብቻ ነን። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። የልጁ አባት ደግሞ ስኳር ያልገባበትን ሻይ ያማስላሉ። ፊታቸው ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። ያኔ ሁሉም ገባኝ። ጠረጴዛው ዞጲ አይደለም፤ ርካሽ እንጨት ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው፤ የቀቡትም እሳቸው ናቸው።

ወንድሜ ወጣ። ጉልበቱን አራገፈ። ሰውየውን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ አፉን ከፈተ። የልጅቷ ትዳር በዚያ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

"እመቤቴ፣" አለ፣ "ሰው የሚያየውን ጎን ማለስለስ ማንም ይችላል። ይህ ጠረጴዛ ግን ሆዱም ለስልሷል። አንድ ምስማር የለበትም። ማንም በማያይበት በኩል እንዲህ የሚደክም፣ የሚወዳት ሴት ያለችው ሰው ብቻ ነው።"

ስለ ዞጲ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ተቀምጦም ኬኩን በላ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጨዋ አበላል ሲበላ አይቼው አላውቅም። የልጁ አባት ሻይ ማማሰላቸውን ተዉ። እናትየው ልጃችንን "ነይ እስቲ፣ ከጎኔ ተቀመጪ" አሏት። በዚያ ቤት ውስጥ ከዚያ በኋላ የቀረው ሳቅ ብቻ ነበር።

ብርጭቆ ስናጥብ እናትየው በሩን ገፋ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እህቴ፣ ወንድምሽ ትልቅ ሰው ነው። ገና ሙሽራ ሳለሁ ጠረጴዛውን በወለወልኩ ቁጥር ጨርቄ ይጠቁር ነበር። ታዲያ ምን ልበል? ባለቤቴ ዞጲ ነው ካለ ዞጲ ነው።"

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አደራችሁን፣ ለባለቤታቸው አትንገሩብኝ።

ሠርጉ ነገ ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ እኔም ሰው ሲበዛ የምይዘው ስለሚጠፋኝ ወደ ጓሮ አመለጥኩ። ወንድሜን ከልብስ ሰፊዋ ዘንድ አንድ ነገር እንዲያመጣ ከጠዋት ልከነው ስለነበር፣ ይዞ መጥቶ እንደሆነ ልጠይቀው የሥራ ቤቱን በር ገፋሁ። ለአንዲት ደቂቃ ብለው ብቅ ያሉት የልጁ አባት አሁንም እዚያው ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ ባልዲ ውሃ ላይ አጎንብሰዋል። ወንድሜ ለዓመታት ያሳረፈውን እውነተኛ ዞጲ ሰጣቸውና ለቀቁት። እንደ ድንጋይ ሰመጠ።

"አይ፣ ይሄ ነው እንግዲህ" አሉ የልጁ አባት።

"ይሄ ነው" አለ ወንድሜ።

ከዚያ አንዱ ሌላውን ደግፎ፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ ይስቁ ጀመር። ልቆጣ ነበር የገባሁት። ግን ወንድሜን እንደዚያ ሲስቅ ያየሁበት ጊዜ ስለራቀኝ በሩን ቀስ አድርጌ መልሼ ዘጋሁት። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ልትዘጋ ነው፤ የሙሽራዋ ቀሚስ አሁንም እዚያው ተሰቅሏል።