ዝቅ ያላለው ኮርቻ

ክፉ ወሬ መንገር ሙያ ነው። እናንተ ዘንድ ዛሬ በስልክ ነው አሉ፤ ሰውየው ሥራው ላይ እንዳለ፣ የያዘውን ዕቃ እንኳ ሳያስቀምጥ «አባትህ አረፉ» ይሉትና ጨዋታው ያበቃል። እኛ አገር እንዲህ ያደረገ ሰው ዘመድ አይባልም። እኛ ዘንድ መርዶ ወር ይመረጥለታል፣ ተናጋሪ ይመረጥለታል፣ ሰዓት ይመረጥለታል። ዶሮ ከጮኸ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሽማግሎች እየሳሉ በሩ ላይ ይቆማሉ። እስከዚያ ድረስ አገር ምድሩ ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። «እንደምን አደራችሁ»ው፣ ሳቁ፣ መላፋቱ እንደወትሮው ይቀጥላል። እባካችሁ ውሸት ነው አትበሉኝ። ይሄ ሌላ ነገር ነው፤ ስም አላወጣንለትም እንጂ።

ይህን ሙያ የተማርኩት በገዛ ቤቴ ነው፤ በጣልያን ጊዜ። ቤታችን ማንኩሳ አጠገብ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሉት ከተማ ያኔ ይህን ስም ገና አላገኘም። ፍኖቱስ ነበር፤ ጣልያን በኛ ሰዎች ጉልበት ደልድሎ ጠጠር አልብሶታል። ሰላሙ ነው ያልነበረው። ሁለቱ ወንድሞቼ፣ ታላቁ ምንይችልና ታናሹ ስንሻው፣ መጀመሪያ ለዚሁ መንገድ ድንጋይ እንዲፈልጡ ተያዙ፤ ቀጥሎ በካሚዮን ተጭነው የባቡር ዕቃ እንዲያራግፉ ድሬዳዋ ተወሰዱ። ድሬዳዋ በየት በኩል እንደሆነች ከመንደራችን የሚያውቅ አልነበረም። የንስሐ አባታችን አባ ውቤ ብቻ «በረሃ ናት፤ ወንዟ አሸዋ ነው አሉ» አሉን። እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ውሃ ስትጠጣ ግማሹን መልሳ ታስቀምጠው ጀመር።

ስለ ምንይችል አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። አባታችን ያረፈ ጊዜ ምንይችል ገና ጎረምሳ ነበር። የአባታችን ፈረስ ለሱ ደረሰ። አባታችን ረጅም ስለነበር የርካቡ ጠፍር ለልጁ አይሆንም፤ እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ገበያተኛው ባየው ቁጥር ይስቅበታል። ጠፍሩን አሳጥረው ቢሉት በጄ አላለም። የሟች ርካብ እስከ ተዝካሩ አይነካም፤ በቤታችን እንዲያ ነው። ተዝካሩ እስኪበላ እግሩን እያንጠለጠለ ጋለበው፤ ጠፍሩ ያጠረው ከዚያ ወዲያ ነው። በኋላ እሱም ቁመቱ እንደ አባታችን ተመዘዘ፤ ጠፍሩ መልሶ ረዘመ። እኔና ስንሻው በእናታችን ወጥተን ድንክ ሆነን ቀረን። ፈረሱን ደግሞ ጣልያን ወሰደው።

እንግዲህ ኅዳር ነው። ጤፉ ደርሶ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ እጅ የሚቆርጥበት፣ ቀን ቀን ሰማዩ እንደታጠበ ብርሌ የሚጠራበት ወር። ማሳ ላይ ጎንበስ ብለን ስናጭድ ከመንገዱ በኩል ቃጭል ሰማን። ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ቃጭል! ጎረቤታችን እመት የሺ ማጭዷን ጥላ አማተበች። ውሾቹ እንደ እብድ ሮጡ። ከዚያ አንድ ሰው በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ ከአቧራው ውስጥ ወጣ። እግሩ መርገጫውን የሚነካው በጣቱ ጫፍ ብቻ ነው፤ በቀኝ ሲረግጥ ወገቡ በቀኝ ይወርዳል፣ በግራ ሲረግጥ በግራ። ሰክሮ የሚመጣ ነበር የሚመስለው። አጥራችን ጋ ሲደርስ መውረድ አቅቶት እሾሁ ላይ ወደቀ። ብድግ ሲል አየነው፤ ስንሻው ነው።

እናቴ አገላብጣ ሳመችው። ስማ ስትጨርስ በትከሻው ላይ አሻግራ መንገዱን አየች። መንገዱ ባዶ ነበር።

«ወንድምህስ?»

ደህና ነው፣ አላት። ዳቦ ጋጋሪ ግሪክ ዘንድ ተቀጥሮ፣ ጌታው አላሰናብት ብሎት ነው እንጂ ሊመጣ ነበር፤ ብስክሌቱን ግን ሰጥቶኝ «ሄደህ እያቸው» ብሎኛል፣ አላት። እስከ አዲስ አበባ በባቡር፣ ከዚያ እስከ ደብረ ማርቆስ በካሚዮን ጭኖት እንደመጣ፣ የቀረውን እየነዳም እየገፋም እንደጨረሰው ተረከልን። እናቴ የገበያ በሬ እንደምታይ ብስክሌቱን ዞራ ዞራ አየችው። ጎማውን ተጫነች። መቀመጫውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ይህ ኮርቻ ዝቅ አይልም?» አለች።

«ይላል እምየ። አንድ ብሎን ነው።»

«እህ» አለችና የእግር ውሃ ልታሞቅለት ገባች።

በማግስቱ ነዶ ስንሸከም ስንሻው ጠጋ ብሎ ነገረኝ። ምንይችልን የበረሃ ንዳድ ነው የገደለው፤ ባለፈው ክረምት። የቀበሩት እሱና ግሪኩ ናቸው። ነዶው ከራሴ ላይ ወደቀ። ማልቀስ አይቻል፣ እናቴ ከማሳው ማዶ ናት። ጎንበስ ብዬ የተበተነውን ጤፍ ዘለላ በዘለላ ለቀም ለቀም ማድረግ ያዝኩ። ፊቴን ቀና ማድረግ ስላልቻልኩ መሬት ላይ የቀረ ነገር እስኪጠፋ ለቀምኩ። እናቴ ከማዶ ሆና «እሰይ የኔ ልጅ፤ ለጤፍ መሳሳት እንዲህ ነው» አለችኝ።

አባ ውቤና ሽማግሎች ተሰብስበው መከሩ። መርዶ ከተነገረ ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ከሆነ አገሩ ሁሉ ማጭዱን ሰቅሎ እኛ ደጅ ይቀመጣል፤ ጤፉ ማሳው ላይ ይረግፋል፤ የተረፈውን የጣልያን በቅሎ ይግጠዋል። ተዝካሩስ በምን ሊበላ? በዚያው ጤፍ አይደለም? ስለዚህ ታጭዶ፣ ተሰብስቦ፣ እስኪከመር ዝም ይባል ተባለ። ምስኪን ወንድሜ ለገዛ ተዝካሩ ሲባል እስከ ክምር ድረስ በሕይወት መቆየት ነበረበት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብታዩ! አገሩ በሙሉ ለደቦ መጣ። ያልጠራነው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ከተፍ አለ። እናቴ «ምነው ዘንድሮ ሰው ወደደን?» እያለች ጠላ ትቀዳለች። እነሱ ይቀልዳሉ፣ ያንጎራጉራሉ፣ «እመት አንጓች ክፉ አይንካዎት» ይሏታል። እመት የሺ ዓይኗ እንባ ሲሞላ እናቴ «ምነው?» ትላታለች፤ እሷ «ገለባ ገብቶብኝ» ትላለች። ያን ኅዳር በማንኩሳ አካባቢ ገለባ ዓይኑ ያልገባ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የከበደው ምሽቱ ነው። ራት ተበልቶ ሲያበቃ እናቴ ምድጃው አጠገብ ፈትሏን ትይዝና «ስንሻው፣ እስቲ ያን ልጅ አስነዳልኝ» ትላለች።

ስንሻው ያስነዳዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያየውን፣ ባለፈው ኅዳር የነበረውን ነበር የሚያወራው። ምንይችል ገና ሳይነጋ ከግሪኩ ምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ በቅርጫት ከኋላው ጭኖ ይነሳል። በረሃው ሙቀቱን የሚተወው በኅዳር ነው፤ እኛ እዚህ ስንንቀጠቀጥ እዚያ ሰው ገና መተንፈስ ይጀምራል፤ ላቡን ጠርጎ ደጅ ይወጣል፤ ማታ ማታ ምንጣፉን አንጥፎ በር በሩ ላይ ይቀመጣል። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት እንደ ውሃ ይፈሳል። ባቡር ጣቢያው በኩል ጎዳናው ዛፍ ነው፤ በጥላ ውስጥ ይነዳል። ግመሎች ቃጭል ቢደወልላቸው ዞር አይሉም፤ እሱ ነው ዞሯቸው የሚያልፈው። ሴቶቹ «ባለ ዳቦ!» ብለው ይጠሩታል። ቁመቱ ስለሚያስደንቃቸው ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ።

እናቴ ታቋርጠዋለች። ይወድቃል? ጫማ አለው? ቅርጫቱን ሲያስር ቋጠሮው የላላ እንዳይሆን፤ ድሮም ቋጠሮ አይችልም፣ ትላለች።

እውነቱ ያልቃል፤ ምሽቱ ግን አያልቅም። ስንሻው መፍጠር ጀመረ። ምንይችል የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት ተከራየ። ደጁ ላይ ሎሚ ተከለ። ሶማልኛ ለመደ። እናቴ በማግስቱ «ሎሚውስ?» ትላለች፤ ስንሻው «አበበ» ይላል፤ በሦስተኛው ምሽት ያፈራል። አንድ ማታ ስንሻው ወሬውን ትቶ እሳቱን መቆስቆስ ያዘና ወንድሜ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። እኔ ተቀበልኩት። ከቡሬ ገበያ ወዲያ እግሬ ረግጦ የማያውቅ ሴት ድሬዳዋን አራት ማዕዘኗን አተረማመስኳት። ግመሏን አስወለድኳት፤ ግሪኩን ዳርኩት። እናቴ ፈትሏን አቁማ «አንቺ ደግሞ መቼ ደርሰሽ መጣሽ?» አለችኝ። ነግሮኝ ነው አልኳት። «እሺ፣ ቀጥዪ» አለች። እንዲህ ስል ጨንቆኝ እንዳይመስላችሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በቀን ሞቶ የዋለውን ወንድሜን ማታ ማታ እኔው አስነዳዋለሁ፤ ምድጃው ዳር ሆኖ ለሰማን ሰው ሞተ የሚለው ወሬ ነበር ውሸት የሚመስለው።

ጤፉ ተከመረ። የመጨረሻዋ ነዶ የወጣች ዕለት አባ ውቤ ስንሻውን በዓይናቸው ጠቀሱት፤ ነገ ማለዳ ማለታቸው ነው። ያን ምሽት እናቴ እንደልማዷ አስነዳልኝ አለች። ስንሻው ወንድሙን እስከ ደቻቱ አደረሰው። ደቻቱ የከተማዋ ወንዝ ነው፤ ክረምት ካልሆነ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዳቦ ወደ ማዶ ሰፈር ለማድረስ ወርዶ መግፋት ግድ ነው። ምንይችል ወረደ። መግፋት ጀመረ። ጎማው አሸዋው ውስጥ ገባ። መሀል ላይ ሲደርስ ስንሻው ጋቢውን ተከናነበ። «ነገ እጨርሰዋለሁ እምየ፤ ደክሞኛል» አለ። ነገ እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቃለን። ወንድማችንን አሸዋው መሀል እንዳቆምነው ተኛን።

ሲነጋጋ ሳል ተሰማ። በሩን ስከፍት አባ ውቤ ከፊት፣ ሽማግሎቹ ከኋላ፣ ነጫጭ ጋቢያቸው ላይ ውርጭ ያረፈ ይመስል ነበር። ዘወር ስል እናቴ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። አባ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እመት አንጓች፣ መቼም የሰጠ አምላክ…» ብለው ሲጀምሩ አላስጨረሰቻቸውም።

«አይድከሙ አባ» አለች። «የመጣ ዕለት አውቄዋለሁ። ወንድሙ በእጁ የሰጠው ቢሆን ኮርቻውን በልኩ ዝቅ ያደርገው ነበር። አንድ ብሎን ነው አለኝ እኮ።»

ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ስንሻው እግሯ ላይ ተደፋ። ምነው ታዲያ፣ ይህን ያህል ምሽት ስንዋሽሽ ምነው ዝም አልሽ፣ ነው የሚላት፤ ልቅሶው አያናግረውም። ራሱን ዳበሰችው።

«ጤፉስ? ሰዉስ እንዲያ ሲለፋልኝ?» አለች። ከዚያ አባ ውቤን ቀና ብላ አየቻቸው። «አንድ ማታ ብትቆዩኝ ምን ነበረበት፤ ልጄ አሸዋውን እንኳ ሳይሻገር?»

ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ቡሬ ድረስ ተሰማ ቢሉኝ አምናለሁ።

አገራችን የወንድ ለቅሶ ላይ ፈረሱ ይጫናል፤ የሟቹ ልብስ ኮርቻው ላይ ተደርጎ በለቀስተኛው መሀል ይዞራል። ፈረስ የለንም። ሽማግሎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩና ብስክሌቱ ወጣ። የምንይችልን ጋቢ ኮርቻው ላይ ጣል አድርገው ስንሻው እየጎተተ አዞረው። አልቃሿ ለፈረስ እንጂ ለብስክሌት የሚሆን ግጥም አልነበራትም፤ ትንሽ አንገራገረችና «ፈረሱ» እያለች ቀጠለች። ማንም አላረማት። ሜዳው ድንጋያማ ስለነበረ ጎማው በነጠረ ቁጥር ቃጭሉ ማንም ሳይነካው ይጮህ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እንስቅ ነበር።

ጤፉ ተወቃ፣ ተዝካሩ ተበላ፣ ሰዉ ወደየቤቱ ሄደ። እኛ ሦስታችን ምድጃው ዳር ቀረን። ማንም ማንንም አያይም። እናቴ ፈትሏን አነሳች።

«ስንሻው» አለች፤ «ያን ልጅ አሸዋ ላይ አቁመኸዋል። አሻግረው።»

ስንሻው አሻገረው። እያረፈ፣ እየገፋ፣ ጫማውን እያራገፈ፤ አንዳች ሳይቸኩል። ማዶ ሲደርስ ዳቦው ገና ትኩስ ነበር።

«ማን ተቀበለው?» አለች።

ያን ሁሉ ምሽት ሎሚ ያፈራ፣ ቤት የተከራየ አፍ አንድ ስም ማውጣት አቃተው። እኔም ላግዘው አልቻልኩም።

«በል እኔ እቀበለዋለሁ» አለችና ፈትሏን ቀጠለች።

በማግስቱ ጠዋት ስንሻውን ጠርታ ኮርቻውን በልክህ አድርገው አለችው። እሱ ብስክሌቱን ያዘ፣ እኔ መፍቻውን አቀበልኩ፣ እሷ ኮርቻውን በሁለት እጇ ደገፈች። እንዳለው አንድ ብሎን ነበር፤ ሳያስቸግር ዞረ።