አቶ ደምሌ ለኤሊያቸው ቅጥር ያቀዱበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ አቶ ደምሌ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ባረፉ በሁለተኛው ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ ግንቦት በገባ ጊዜ፣ ነፋስ ሳያንኳኳ በሚገባባት በንፋስ መውጫ ከተማ፣ በላይ ጋይንት ምድር የተደረገውን ታላቅ ሥራ እንጽፋለን፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ ጉዳይ ያለው ግን ጉዳዩን ፈጽሞ ይምጣ፣ ዜናው ረጅም ነውና።

አቶ ደምሌ ማን ናቸው ቢሉ፣ ርእሰ ጉባኤ፣ አበ አጀንዳ፣ የስብሰባ አንበሳ፣ የሻይ ዕረፍት ነብር፣ በሥራ ዘመናቸው አንድ ምንጭ ሳይጎለብት ስለ ምንጭ ልማት አያሌ ጉባኤ የመሩ፣ አንድ ችግኝ ሳይጸድቅ ስለ ደን ያወጁ፣ "በአቅጣጫው መሠረት" ብለው ጀምረው "በቀጣይ እናየዋለን" ብለው የሚጨርሱ፣ በመካከሉም ሰሚው ምንም ይዞ እንዳይሄድ አድርገው የሚናገሩ ታላቅ ሰው ናቸው። ጡረታ በወጡ ጊዜ ግን ስልካቸው ዝም አለ። በማለዳ ኮታቸውን ለብሰው፣ ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው ሰክተው፣ ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ የቀድሞ ባልንጀሮቻቸውም በባጃጅ ሲያልፉ እጃቸውን ያነሡላቸው ነበር እንጂ ወርደው አያነጋግሯቸውም ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሾመች ይህን በመስኮት እያዩ፣ "ሰውዬው ቁጭ ብሎ ሊያልቅብኝ ነው" እያሉ በልባቸው ያዝኑ ነበር።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ የአቶ ደምሌ የእኅት ልጅ አወቀ፣ ከወገዳ ወዲያ በስማዳ ቆላ ሲያርስ ከማረሻው ፊት ያገኛትን ኤሊ በጆንያ አድርጎ፣ ያን ኮረኮንች መንገድ በሚኒባስ እየተንገጫገጨ አመጣትና፣ "ጋሼ፣ ለብቻዎ ከሚቀመጡ ይቺን ይያዙ፤ አትጮህ፣ አትሮጥ፣ አታስቸግር" ብሎ ሰጣቸው። አቶ ደምሌም ኤሊይቱን ከጉልበታቸው ላይ አኑረው የእንኳን ደህና መጣሽ ንግግር ባደረጉላት ጊዜ፣ እርሷ አንገቷን አውጥታ፣ ሳታቋርጣቸው፣ ሰዓት ሳትመለከት፣ ስልክ ሳትነካካ፣ እስከ ፍጻሜው ሰማቻቸው። ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከጡረታ ወዲህ እንዲህ አድርጎ የሰማቸው አልነበረምና። ስሟንም "እሜቴ" ብለው ሰየሙ፤ ይኸውም ወይዘሮ ተሾመች በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንዲት ቀን እንኳ ያልተጠሩበት የክብር ስም ነው።

እሜቴ ግን ንግግር ትስማ እንጂ ሆድም ነበራት። በጓሮው ወይዘሮ ተሾመች በእጃቸው እየኮተኮቱ፣ የእጣቢ ውኃ እያጠጡ ያሳደጉት ጎመን ነበረ፤ እሜቴም በዝግታ ሄደች፣ በዝግታ ደረሰች፣ በዝግታም ከዳር ጀምራ አጨደችው። ወይዘሮ ተሾመች ይህን ባዩ ጊዜ መቀነታቸውን አጥብቀው ከጓሮ ወጡ፤ ድምፃቸውም ጎረቤት አልፎ እስከ መናኸሪያው ተሰማ፤ አዋጃቸውም ይህ ነበረ፦ "አንቱ ሰውዬ! ይቺ የተደፋች ድስት ጎመኔን ጨረሰችው እኮ! ወይ አጥር ያጥሩላት፣ ወይ ወደመጣችበት ቆላ ይመልሷት። ከእሷና ከጎመኔ አንዱን ይምረጡ!"

ይህን ቃል ሌላ ባል ቢሰማው በደነገጠ ነበር፤ የአቶ ደምሌ ፊት ግን በራ። አጥር ያለ እቅድ አይቆምም፤ እቅድም ያለ ጉባኤ አይወጣም፤ ጉባኤም ርእሰ ጉባኤ ይሻል። በዚያች ሰዓት የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ከደጃፋቸው ቆሙና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ "የእሜቴን ቅጥር የሚያጠና፣ የሚያቅድና የሚከታተል ዐቢይ ጉባኤ ተቋቁሟል። የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ጠላ አለ።" ከዚህም አዋጅ የመጨረሻው ቃል ከሁሉ ይልቅ ርቆ ተሰማ።

ወደ ጉባኤው የከተቱትም እኒህ ናቸው፦ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ምሥጢር የሚያራቅቁ፣ ቅራሪ የሚንቁ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፤ ስልኩ ከእጁ የማይለይ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ የሚቀባ ወጣቱ የጂኦግራፊ መምህር መልካሙ፤ ከእነርሱም ጋር ጋኑ እስካለ የሚኖሩ፣ ጋኑ ሲያልቅ የሚያልቁ፣ ስማቸውን መጻፍ የማያስፈልግ ብዙ ጎረቤቶች። ጥናቱ እስኪፈጸምም እሜቴ እንቅብ ተደፍቶባት እንድትቆይ ተወሰነ።

በመጀመሪያው ጉባኤ ስለ ቅጥሩ ቁመት ታላቅ ክርክር ሆነ። አቶ ደምሌ፣ ኤሊ ምን ያህል ወደ ላይ ትዘላለች ብለው ጥያቄ ባቀረቡ ጊዜ፣ መልካሙ ስልኩን አየና፣ "ኤሊ ጃምፕ አታደርግም ጋሼ፤ ግን ትቆፍራለች። ዲዛይኑ ላይ መሠረቱ ጠለቅ ይበል። ፀሐይም ጥላም ትፈልጋለች፤ ውኃ ደግሞ በዝርግ ዕቃ" አለ። ይህ ቃል ቀጥተኛና ጠቃሚ ስለ ነበረ ጉባኤው ለሌላ ቀን አሳደረው። መሪጌታም ተነሥተው በሩ ወደ ምሥራቅ ይሁን አሉ፤ በዚህ የአቶ ደምሌ ልብ ሞቀና፣ እንግዲያስ ቅጥሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆኖ ሦስት ዙር ይኑረው ባሉ ጊዜ፣ መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀምጠው፣ "ይቅር ይበልዎ ልጄ! ኤሊ ምን ቅኔ ማኅሌት አላት? ደጀ ሰላም ይበቃታል" ብለው ገሠጿቸው።

ይህን ሲከራከሩ እንቅቡ ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ፣ በጉባኤው መካከል በዝግታ አልፎ፣ ወደ ጎመኑ አቀና። መሪጌታ አማተቡ፤ ጎረቤቶቹ ወንበራቸውን አሸሹ፤ አቶ ደምሌ ግን "ከአጀንዳ ውጭ ነው" ብለው ስብሰባውን ቀጠሉ። ወይዘሮ ተሾመች ከማድቤት ወጥተው፣ እንቅቡን ገልጠው፣ እሜቴን ጎመኑ ከአፏ ሳይወርድ በክንዳቸው ታቅፈው ሲመልሷት በጉባኤው ፊት ቆሙና፣ "እናንተ እስክትጨርሱ እኮ እሷ ጨረሰች!" አሉ። ይህም አስተያየት ተመዘገበ።

ከዚያም ወዲያ ዐቢይ ጉባኤ ንኡስ ጉባኤን ወለደ፤ ንኡስ ጉባኤም የጥናት ቡድንን ወለደ፤ የጥናት ቡድንም ጥማትን ወለደ፤ ጥማትም የወይዘሮ ተሾመችን ጋን አጎደለ። ሰኔ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ሥራ ማየት ይፈልጋል ተብሎ የመሠረት ድንጋይ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ጠላ ያጠራቀመው ጉልበት ሁሉ ወጥቶ በግቢው መካከል ክብ ጉድባ ተቆፈረ፤ ቀይ ጥብጣብ ተወጠረ፤ አቶ ደምሌም በወይዘሮ ተሾመች መቀስ ቆርጠው ድንጋዩን አኖሩ፤ ንግግርም አደረጉ፤ ተጨበጨበ፤ መልካሙም ፎቶ አነሣ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሊሄድ ሲነሣ፣ ወይዘሮ ተሾመች፣ "ምነው፣ ጉድባውን ክፍቱን ትታችሁት ነው የምትሄዱት? ሰማዩን አታዩም?" ብለው ጮኹ። አቶ ደምሌም፣ "ግንቡ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል" ብለው መለሱ፤ እንዲህም ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ምዕራፍ ይታይ ዘንድ ጉባኤው በበረንዳው በተቀመጠበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቆረ፤ ነፋሱም የከተማዋን ስም ሊያስመሰክር መጣ፤ ከነፋሱም በኋላ በረዶ ወረደ፣ ባቄላ የሚያህል፣ ቆርቆሮ የሚያስጮህ። ያን ጊዜ ጉባኤው ያለ አንዳች ክርክር፣ በአንድ ድምፅና በአንድ እግር፣ ወደ ቤት ገባ፤ ርእሰ ጉባኤውም ከፊተኞቹ ነበሩ። ወይዘሮ ተሾመች በሩን ሊዘጉ ሲሉ ወደ ውጭ አዩና፣ "ኤሊዋስ?" አሉ። እንቅቡ ነፋስ ገልብጦት ባዶውን በግቢው ይንከባለል ነበር።

አቶ ደምሌ ወደ በሩ ሮጡ። እሜቴ የቆላ ልጅ ናት፤ በረዶ አታውቅም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "እሜቴ ውጭ ናት! የሚወደኝ ይከተለኝ!" ብለው አወጁ። ከእርሳቸው ጋር የዘመተውን ሠራዊት ብንቆጥር፣ መሪጌታ ቁርጥማታቸውን አስታወሱ፤ መልካሙ ስልኩ ውኃ እንዳይገባው ብብቱ ውስጥ ከተተው፤ ጎረቤቶቹም ጋኑን ለመጠበቅ ቀሩ። ስለዚህ ደምሌ ኃያል፣ ደምሌ ብቸኛ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እንደ ጋሻ በራሳቸው ላይ ደፍተው ወጡ፤ በረዶውም ሳፋውን እንደ ነጋሪት መታው።

በጎመኑ ዙሪያ ፈለጓት፣ አጧት፤ ከእንጨት ክምሩ ሥር ፈለጓት፣ አጧት። በመጨረሻ ወደ ጉድባው አዩ። ለደኅንነቷ በተቆፈረው ጉድባ ውስጥ እሜቴ በጀርባዋ ተገልብጣ፣ ጎርፉ ወደ አንገቷ እየመጣ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ሳትቸኩል እግሮቿን ወደ ሰማይ ታንቀሳቅስ ነበር። አቶ ደምሌ ሳፋውን ጥለው ዘለሉ። እሜቴን ከውኃው አንሥተው በኮታቸው ውስጥ፣ ከደረታቸው ላይ ሸጎጧት፤ ሊወጡ ሲሉ ግን ጭቃው እግራቸውን እስከ ጉልበት ያዘ፤ ቢስቡት አልለቅ አለ፤ ውኃውም መጣ። ያን ጊዜ አቅጣጫም ቀጣይም ከአንደበታቸው ጠፍቶ፣ "እሜቴ! እሜቴ፣ ድረሽልኝ!" እያሉ ጮኹ።

ወይዘሮ ተሾመች ከበሩ ሆነው፣ "የትኛዋን ነው?" አሉ።

"አንቺን! አንቺን ነው እንጂ፣ ተሾመች!"

ወይዘሮ ተሾመችም ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው፣ በበረዶው መካከል ሮጠው፣ የዶማውን እጀታ ዘረጉላቸውና ከጭቃ እንደሚነቀል ድንች ነቀሏቸው፤ አንድ ጫማ ግን ለጉድባው ግብር ሆኖ ቀረ።

በምድጃው ዳር ተቀመጡ። እሜቴ አንገቷን አላወጣችም። አቶ ደምሌ በጋቢያቸው ጠቅልለው እሳት እያሞቋት፣ በትንፋሻቸው እየተነፈሱባት፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ቆዩ፤ ርእሰ ጉባኤ ዝም ባሉበት ቤት መቀመጥ ስለ ከበዳቸው የጉባኤው አባላት አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ወጡ። ብዙ ቆይቶ እሜቴ የአፍንጫዋን ጫፍ፣ ከዚያ ዐይኗን፣ ከዚያ አንገቷን አወጣች። አቶ ደምሌም እንደ ሕፃን አለቀሱ። ወይዘሮ ተሾመች በነጠላቸው ጫፍ ጭቃውን ከፊታቸው ጠረጉላቸው። ይህ በነገሥታት ዜና የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ተደርጓልና ጻፍነው።

በማግሥቱ ጠዋት ወይዘሮ ተሾመች አወጁ፦ "ይስሙኝማ። ይቺ ፍጥረት መሄድ ልማዷ ነው፣ ትሂድ። የማይሄደው ጎመኔ ነው፤ እሱን ያጥሩልኝ። መጀመሪያ ግን ይህን የሞት ጉድጓድ ይድፈኑት፣ በቁሜ ሳያስቀብሩኝ!"

አቶ ደምሌ እንደ ልማዳቸው ለማን እንደሚመሩት ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዩ፤ ማንም አልነበረም። ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉ። ጉድባውን ደፈኑ፤ ድንጋይ ከግቢው እየለቀሙ በጎመኑ ዙሪያ ደረደሩ፤ ቢንድ መልሰው ደረደሩት፤ በላዩም እሾህ ጣሉበት። እጃቸው ተላጠ፣ ወገባቸው ተያዘ፣ ወይዘሮ ተሾመችም ከማድቤት እየወጡ፣ "ያችኛዋ ትንገዳገዳለች፣ ሥሯን ያጣብቋት" ይሏቸው ነበር። እሜቴ ቅጥሩን ዙሪያውን ሁሉ ዞረች፤ መግቢያም ባጣች ጊዜ ወይዘሮ ተሾመች ወደ ጣሉላት የጎመን ቅጠል በዝግታ ተመለሰች። ብርድ ሲሆን ደግሞ በምድጃው አጠገብ ጭድ ተነጥፎላታል።

ቅጥሩ ሊያልቅ መሆኑ በከተማው በተሰማ ጊዜ ጉባኤው በክብር ተሰብስቦ መጣ። መልካሙ ፎቶውን በስልኩ ሲለጥፍ "የጋራ ጥረታችን ፍሬ" ብሎ ጻፈበት፤ መሪጌታ የሚመረቅበትን ጸሎት ይመርጡ ጀመር፤ ጎረቤቶቹ ወንበር ዘረጉ፤ የርእሰ ጉባኤውንም ወንበር በመካከል አቆሙ። መሪጌታም ድምፃቸውን አንሥተው፣ "አቶ ደምሌ፣ የማጠቃለያው ጉባኤ ሊከፈት ነውና ወንበርዎን ይያዙ!" ብለው አወጁ።

አቶ ደምሌም ከእሾሁ ማዶ፣ አንድ ድንጋይ በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ ቀና ሳይሉ መለሱ፦ "ሥራ ላይ ነኝ።"

በዘመናቸው ካወጇቸው አዋጆች ሁሉ ይህ አጭሩ ነበረ። ጉባኤው ያለ ርእስ ጥቂት ተቀመጠ፤ ጠላም እንደሌለ በተረጋገጠ ጊዜ በሙሉ ድምፅ ተበተነ።

እንግዲህ ደምሌ ሆይ፣ ምን ብለን እናመስግንዎ? ሰላም ለአእዳዊከ፣ ሰላም ለእጆችዎ፣ ብዕር ለምደው ድንጋይ ላነሡ፤ ሰላም ለወገብዎ፣ በወንበር ደንድኖ በሥራ ለጎበጠ፤ ሰላም ለአንደበትዎ፣ ብዙ ተናግሮ በሦስት ቃል ለከበረ። ነገሥታት ከተማ ቆርቁረዋል፣ መሳፍንት ግንብ አሠርተዋል፤ እርስዎ ግን አሠሩ አልተባሉም፣ ሠሩ ተባሉ። ጭቃው እስከ ዛሬ ከጥፍርዎ አልጠራም፤ አይጥራም።