ዓሣ የበሉት ዶሮዎቼ

ሶዶ ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሰው አንዱን አስቁሞ ቢጠይቅ «እኔም አላውቀውም ወንድሜ» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ስለ ዶሮ መኖ ጠይቆ «አላውቅም» የሚል ሰው ያጋጠመው ካለ ግን እባካችሁ እኔንም አሳዩኝ፤ ጉልበቱን እስማለሁ። የባጃጅ ነጂው ያውቃል፤ ልብስ ሰፊው ያውቃል፤ በዕድሜው ዶሮን ከወጥ ውስጥ በቀር አይቷት የማያውቀውም ያውቃል። የሁሉም ምክር ደግሞ «የተፈጥሮ ነገር ስጣቸው» ብሎ ይጀምራል። የተፈጥሮ! ድንጋይም እኮ የተፈጥሮ ነው።

እኔ ዳና ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጓሮዬ ውስጥ አሥር ሴት ዶሮዎችና ከሥራው ጩኸቱ የሚበዛ አንድ አውራ ዶሮ አሉኝ። አጥር የምንጋራቸው እትዬ ዘነበች ይባላሉ። አባታቸው ከጉራጌ መጥተው እዚህ ሱቅ ከፈቱ፤ እሳቸው ደግሞ እዚሁ ተወልደው ሱቁን ወረሱ፤ ወላይትኛውን ከእኔ ከአገሬው ተወላጅ የበለጠ ያሳምሩታል። ሃያ ዓመት ሙሉ በአጥራችን ቀዳዳ ያልተቀባበልነው ነገር የለም።

ልጃቸው ትዕግሥት ስታረግዝ ምላሴ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። በሰው ፊት ብድግ ብዬ፣ የአራሷ እንቁላል ከእኔ ነው፣ አንዲት ፍሬ ከገበያ ብትገዙ ተቀያየምን አልኩ። ባለቤቴ አልማዝ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ አይደል? ዶሮዎቹ ንግግሬን የሰሙ ይመስል በሳምንቱ መጣል አቆሙ። አንዳቸውም!

የቀበሌያችንን የግብርና ባለሙያ ለመንኩና መጣች። ወጣት ናት፤ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አየችና ምን እንደምመግባቸው ጠየቀችኝ።

«ጠዋት በቆሎ፣ ማታ በቆሎ» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ጋሼ፣ በቆሎ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ብቻውን እንቁላል አይሆንም። ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል።»

ፕሮቲን! ሰው ሲከሳም ፕሮቲን፣ ዶሮ ሲያኮርፍም ፕሮቲን። ከዚያ ትቆጥርልኝ ጀመር፤ የኑግ ፋጉሎ፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ምስጥ፣ ትል፣ ከተገኘም ደርቆ የተወቀጠ የዓሣ ትርፍራፊ። ስለ ዓሣው አንድ ነገር ጨምራ ነበር፤ ነገር ግን አውራ ዶሮው መሃል ገብቶ ጮኸና አልሰማኋትም። እኔም መዝገብ ቤት እንዳስለመደኝ፣ ያልሰማሁትን ነገር ራሴን ነቅንቄ ተቀበልኩ።

በምስጥ ጀመርኩ። ዲምቱ ከተማ ዘመድ ስላለኝ ሄጄ፣ ኩይሳ አስፈርሼ፣ ጆንያ ሞልቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሶዶ ደርሼ ጆንያውን ብፈታው የቀረው አፈር ብቻ ነው። ምስጡ የት ሄደ? አጠገቤ ተቀምጠው የመጡት ሰውዬ መናኸሪያው ላይ ሱሪያቸውን እያራገፉ ሲራገሙ አይቻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ወደ ዓሣው ዞርኩ። ገበያችን ውስጥ ከአባያ ሐይቅ ዓሣ የሚያመጣ ነጋዴ አለ፤ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ይጥለዋል። ምን ልታደርገው ነው ብሎኝ ስነግረው፣ «ይሄን የበላ ዶሮ ቁጭ አትልም፤ ይወልዳል!» አለኝ፣ እንደ እኛ ሰፈር አማርኛ ወንድና ሴቱን ሳይለይ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን መናገር ያደክመኛል። ጭንቅላቱን ጣሪያ ላይ ባሰጣው የከተማው ድመት ሁሉ ጉባኤ ጠራ። የጡረታ ዘመኔን ሦስት ሙሉ ቀን፣ ረጅም ዱላ ይዤ፣ መሰላል ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩ። ሲደርቅ ደግሞ በምን ልውቀጠው? በአልማዝ የቅመም ሙቀጫ ወቀጥኩት። አልማዝ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በሩ ላይ ስትደርስ ሽታው ተቀበላት። እኔንም አብራ ለመውቀጥ ምንም አልቀራትም፤ ለአንድ ሳምንት ያናገረችኝ በአውራ ዶሮው በኩል ነው። «ለጌታህ ምሳ ቀርቧል በለው» ትለዋለች።

ግን ዶሮዎቹ ጣሉ! መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት፣ ከዚያ ሰባት። አስኳሉ ወርቅ ነው። አንድ እፍኝ ይህን ከሠራ ሦስት እፍኝ ምን ሊሠራ ነው ብዬ ጨመርኩ። እንቁላሉን ለአራሷ ስል አንዲት ፍሬ እንኳ ቤት ውስጥ እንዳትቀመስ ከለከልኩ። ትዕግሥት በሰላም ተገላገለችና ሃያ እንቁላል በቅርጫት ይዤ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ፣ ተመርቄ ተመለስኩ።

በማግስቱ ቅርጫቱ ከነእንቁላሉ በራችን ላይ ተቀምጧል። ሦስት ፍሬ ጎድሏል፤ መልእክት የለውም። እትዬ ዘነበችን ሰላም ብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ከሰዓት በኋላ የአጥሩ ቀዳዳ በቆርቆሮ ተመታ። የመዶሻው ድምፅ እዚህ ልቤ ላይ ነበር የሚያርፈው። አልማዝ ወሬውን ከሌላ ጎረቤት ይዛ መጣች፤ አራሷ አንድ ጉርሻ ቀምሳ አስመልሷታል፣ ዳና የበሰበሰ እንቁላል አምጥቶ ልጄን ሊገድልብኝ ነበር ተብሏል። እኔ! ለአራስ! ሰው ከዚህ የባሰ ምን ይባላል?

አንዱን ሰብሬ አየሁት፤ ደህና ነው። ጠብሼ ጎረስኩ። የአባያ ሐይቅ ከነማዕበሉ አፌ ውስጥ ገባ።

ለባለሙያዋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ፣ ከሌላው መኖ ጋር ቆንጥረው ይጨምሩ፤ ሲበዛ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል ብዬዎት ነበር እኮ!» አለችኝ። ያን አውራ ዶሮ በዚያች ቅጽበት ባገኘው ኖሮ ዛሬ አልነበረም።

ሽማግሌ ልላክ ብል አልማዝ አልተስማማችም። «በሽማግሌ አፍ ዓሣው አዞ ይሆናል፤ ራስህ ሂድ» አለችኝ። ሄድኩ። ቅርጫቱን ይዤ እትዬ ዘነበች ሳሎን ቆምኩ፤ ቁጭ በልም አላሉኝ። ከእንቁላሉ እዚያው እንዲቀቀልልኝ ለመንኩ። ተቀቀለ። በፊታቸው ልጬ አንዱን በላሁ። ሁለተኛውን በላሁ። ሦስተኛው ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከሽታው ይሁን ከሃያው ዓመት ጉርብትና እኔም አልለየሁትም።

«እትዬ፣ የበሰበሰ ቢሆን እበላዋለሁ? ዓሣ ነው ያበላኋቸው። ጥፋቴ ይኸው ነው።»

እትዬ ዘነበች ጠጋ አሉኝ። ከዚያ የቀረውን ግማሽ እንቁላል ከእጄ ወስደው አሸተቱ፤ ጫፉን ቀመሱ፤ አኘኩ፤ ቀስ ብለው ዋጡ።

«ወይ ዳና! ይሄማ ዓሣ ነው!»

ከመጋረጃው ጀርባ ትዕግሥት ሳቋን ለቀቀችው። «በማርያም ጋሽ ዳና፣ አያስቁኝ፣ ወገቤን!» ትላለች። እትዬም መሳቅ ጀመሩ፤ እኔ ግን ከሳቁ ይልቅ «በል ቁጭ በል» ያሉኝ ቃል ነው የጣመኝ። በማግስቱ ቆርቆሮው ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ዓሣ እርም ብያለሁ። ለዶሮዎቹ ፋጉሎና የደረቀ የሽፈራው ቅጠል ከበቆሎው ጋር ቀላቅዬ እሰጣለሁ። የዓሣው ሽታ ከእንቁላሉ እስኪለቅ ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ትዕግሥት የቃሌን እንቁላል እስክትጠግብ በላች።

ነገሩ አበቃ ብዬ ተንፍሼ ነበር። ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እትዬ ዘነበች ቤቴ መጡ። አልማዝ አለመኖሯን አረጋገጡ፤ ግራ ቀኝ አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዳና፣ ዓሣ ለጾም ይበላል የሚሉ አሉ አይደል?»

«አሉ፣ እትዬ።»

«እኔ ያን ቀን የቀመስኩት ደግሞ ዓሣ እንጂ እንቁላል አልነበረም። እስቲ ለዶሮዎቹ ያንን ነገር አንድ ሁለት ወር መልስላቸው።»