ዝም ያሰኘነው ፊልም

ታላላቅ ሐሳቦች የሚወለዱት በታላላቅ ከተሞች ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች የእኛን ከተማ አይተዋት ስለማያውቁ ይቅር ሊባሉ ይገባል። ከተማችን ከመካነ ሰላም ማዶ፣ ደጋው ላይ ጉብ ያለች ናት። ስሟን የማልጠራው ዝና በዝቶባት እንዳትታመም ብዬ ነው።

በዚች ከተማ የውኃ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ቦኖም ተተክሏል። በምረቃው ቀን ሪባን ተቆርጦ ውኃው ሲፈስ ሁላችንም እልል ብለናል። እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ውኃው ሊሸኛቸው ወጣ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ቦኖው ከዚያ ወዲህ የአህያ ማሰሪያ ሆኖ ያገለግላል። በዚህኛው አገልግሎቱ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም።

አንድ ቀን ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያችን ለአቶ ቢያድግልኝ ከበላይ አካል ትእዛዝ ደረሳቸው። ሕዝቡ በውኃው መርካቱን የሚያሳይ ፊልም ይዘጋጅ፤ ከዞን እንግዳ መጥቶ ያየዋል። አቶ ቢያድግልኝ ትእዛዝ የሚያሳድሩ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስበው፣ ሰርግ የሚቀርጸውን ቸኮልን ካሜራ አስይዘው፣ "እንግዲህ እርካታችሁን በነፃነት ግለጹ" አሉ።

መጀመሪያ የተነሱት ጠላ ጠማቂዋ እትዬ የትምወርቅ ነበሩ።

"ልጄ ጅዳ ሆና ብር ትልክልኛለች፤ ውኃ ግን በሐዋላ አይመጣም። ከገደሉ ሥር ቀድቼ ስወጣ ወድቄ ክንዴ ተሰብሯል። ይኸው፣ ጠምሞ ነው የገጠመው። ያንን ቦኖ ወይ አፍስሱት ወይ ንቀሉት፤ ባየሁት ቁጥር ይጠማኛል!"

ኮርቻ ሰፊው ጋሽ ሙሐመድኑር ተከተሉ። "ወላሂ፣ ለውዱዕ የሚሆን ውኃ ጠፍቶ ፊታችንን በአፈር እያበስን ነው የምንሰግደው" አሉ። ሌላውም እንዲሁ፣ ሁሉም በየተራው ተነስቶ እርካታውን ገለጸ።

አቶ ቢያድግልኝ ፊልሙን ቢሯቸው ሲያዩት ላብ አጠመቃቸው። "ቅሬታውን ቁረጠው" ብለው ቸኮልን አዘዙት። ሲቆረጥ የቀረው የእርሳቸው "እንኳን ደህና መጣችሁ" እና "አመሰግናለሁ" ብቻ ሆነ። ጥበብ ግን የጨነቀውን አትጥልም። አዲስ አበባ ሥልጠና በሄዱ ጊዜ አንድ ማምሻ ላይ ያዩት ትርኢት ትዝ አላቸው፤ ድሮ ፊልም አፍ ሳያወጣ በፊት፣ ሸራው ላይ ሰዎቹ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ሙዚቀኛው ከታች ተቀምጦ ይጫወትላቸዋል።

"ቸኮል፣ ምንም እንዳትቆርጥ። ድምፁን ብቻ አጥፋው!"

ሙዚቀኛዋም ሩቅ አልነበረችም። አሚራ ከአረብ አገር ስትመለስ ሌላው ቴሌቪዥን ሲያመጣ እሷ ኦርጋን ተሸክማ የመጣች ናት፤ በየሰርጉ ትጫወታለች። አቶ ቢያድግልኝ አስጠርተው ፊልሙን አሳዩዋት።

"እኔ ስናገር ግርማ ያለው ነገር ምቺ። ሕዝቡ ሲናገር ደግሞ የሰርግ ዘፈን።"

"እትዬ የትምወርቅ እኮ ጣታቸውን እየቀሰሩ ነው፤ የተቆጡ ነው የሚመስሉት።"

"ምስጋና በጣት አይገለጽም?"

"ጋሽ ሙሐመድኑርስ? እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል።"

"ዱዓ እያደረጉልን ነዋ! አንቺ ዝም ብለሽ ተጫወቺበት።"

የማሳያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፤ አቡጀዲ ተሰፍቶ ግድግዳው ላይ ተወጠረ። የዞኑ እንግዳ ፊት ለፊት፣ የታሸገ ውኃ በተደረደረበት ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ። አቶ ቢያድግልኝም ተነስተው፣ "የተከበሩ እንግዳችን፣ አበው በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለዋል። በዚህ መርሕ ላይ ተመሥርተን በአካባቢያችን የመጀመሪያውን ድምፅ አልባ ፊልም ስናቀርብ ደስታችን ወሰን የለውም" አሉ። ተጨበጨበ።

ፊልሙ ጀመረ። አቶ ቢያድግልኝ ሸራው ላይ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ኦርጋኑ እንደ ንጉሥ መግቢያ አስገመገመ። ከዚያ እትዬ የትምወርቅ ብቅ አሉ፤ የሰርጉ ዘፈን ቀለጠ።

"እንዴ! እኔ ነኝ!" አሉ እትዬ የትምወርቅ ከመቀመጫቸው። "ድምፄስ?"

"እትዬ፣ ይህ ድምፅ አልባ ፊልም ነው፤ ጥበብ ነው" አሉ አቶ ቢያድግልኝ በሹክሹክታ። "ሙዚቃው ይናገርልዎታል።"

"ምን ብሎ? እሱ ሙሽራ ነው የሚያስገባው፤ የእኔ ክንድ ነው የተሰበረው!"

ማንም ሳይከለክላቸው ሸራው አጠገብ ሄደው ቆሙ። የራሳቸውን ከንፈር እያዩ፣ "ውኃ ግን በሐዋላ አይመጣም!" ብለው ከፊልሙ ጋር እኩል መናገር ጀመሩ። አሚራ እጇን ከኦርጋኑ አነሳች። ከዚያ የሰርጉን ዘፈን ትታ በቀስታ የአንቺ ሆዬን ቅኝት ከእሳቸው ድምፅ ሥር አስገባችው። የጋሽ ሙሐመድኑር ፊት ሲመጣ ጋሽ ሙሐመድኑርም ተነሱ። እንዲህ እየተባለ ፊልሙ ውስጥ አፉን የከፈተ ሁሉ ከአዳራሹ ውስጥ ድምፁን አዋጣ።

አቶ ቢያድግልኝ መውጫ በሩን በዓይናቸው ይለኩ ጀመር። መብራቱ ሲበራ እንግዳው ተነስተው ቆሙ።

እንግዳው አጨበጨቡ።

"እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም!" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እኚህ እናት ከየት የተገኙ ናቸው? ያን ክንዳቸውንማ ምን አድርገው እንደሚያጣምሙት!"

አቶ ቢያድግልኝ ለመዋሸት ጊዜ አልፈጀባቸውም። "እኛው ነን ያሠለጠንናቸው" አሉ።

በዚህ ሁኔታ የከተማችን የኪነት ቡድን ተወለደ። ፊልሙ፣ ኦርጋኑና እትዬ የትምወርቅ ሚኒባስ ላይ ተጭነው ኩታበር ሄዱ፤ ተጨበጨበላቸው። ማሻ ሄዱ፤ ተለቀሰላቸው። አሚራ በመንገድ ላይ፣ "እትዬ፣ እንዲህ መንገላታቱ አይበቃዎትም?" ብትላቸው፣ "በየአዳራሹ ፊት ወንበር ላይ ሹም ይቀመጣል፤ አንዱ አንድ ቀን ይሰማኝ ይሆናል" አሏት። ሹሞቹም አላሳፈሯቸውም፤ ሁሉም መድረክ ላይ እየወጡ የምስክር ወረቀት ሰጧቸው። አቶ ቢያድግልኝ ማዕረግ ጨመሩ። ምንም ያልጨመረ ቢኖር ቦኖው ነው።

የሰማቸው ግን አንድ ሰው ተገኘ፤ ሹም አልነበረም። በፍቃዱ የሚባል ፓምፕ ጠጋኝ ኩታበር ላይ ትርኢቱን አይቶ እንቅልፍ አጣ። የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ፣ እትዬ የትምወርቅን አስከትሎ ወደ አቶ ቢያድግልኝ ቢሮ መጣ።

"ገንዘብ አልጠይቅም። የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ ብቻ ስጡኝ፤ ልየው" አለ።

አቶ ቢያድግልኝ ፊታቸው ዳመነ። "ሐሳብህ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ወቅቱን ያላገናዘበ ነው።"

"ምን ማለትዎ ነው?" አሉ እትዬ የትምወርቅ።

"እትዬ፣ ክልል ተጋብዘናል! ውኃው ከመጣ እርስዎ መድረክ ላይ በምን ያለቅሳሉ?"

"በደስታ አለቅሳለኋ!"

"ደስታ ተመልካች አይዝም። ለከተማችን ገጽታ ሲሉ ትንሽ ይጠሙ።"

እትዬ የትምወርቅ ወጥተው የሠፈሩን ሴቶች ጠሩ፤ አሚራም መጣች። የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ ድንጋይ እንደሚተካው ከተማችን ያን ቀን ተማረች። በፍቃዱ ተጋድሞ ሲፈታ፣ ሲቀጥል ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦኖው አንዴ አስነጠሰ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ፈሰሰ። እትዬ የትምወርቅ እንዳሉትም አለቀሱ፤ የሚያጨበጭብ ግን አልነበረም፤ የሁሉም እጅ ጀሪካን ይዞ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ አላለቀሰም፤ ወሰነ። እትዬ የትምወርቅ "የትወና ግብዓታቸውን ሆን ብለው በማጥፋታቸው" ከኪነት ቡድኑ ተሰናበቱ። በምትካቸው አዲስ ተዋናይ ለመቅጠር ማስታወቂያ ወጣ። አመልካቿ ውኃ በሌለበት ቀበሌ የምትኖር፣ ብዙ ጊዜ አመልክታ መልስ ያላገኘች፣ ሲያጨበጭቡላት የማትቆጣ መሆን ይኖርባታል።

በፈተናው ቀን ከየአቅጣጫው፣ ከሩቅ በበቅሎ፣ ከቅርብ በእግር የመጡት ሴቶች ግቢውን ሞልተው ወደ መንገዱ ፈሰሱ። ፈታኞቹ ሲያደምጡ ውለው አመሹ። በመጨረሻም አቶ ቢያድግልኝ በረንዳው ላይ ቆመው፣ አመልካቾቹ ሁሉ ብቁ ሆነው በመገኘታቸው አንዷን መምረጥ እንዳልተቻለ በታላቅ ደስታ አስታወቁ።