ንቅንቅ የማትል ማርስ

የዚያን ቀን ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ መስሎ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መጸው ገብቷል፤ ነፋሱ ደረቅ ነው። ሰማይ እንዲህ ሲጠራ፣ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው ከየቤቱ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የኛ ቤት ድርሻ ወንድም ጋሼ ነው።

ሙያው ፍሪጅ መጠገን ነው። ማዕረጉ ግን፣ ራሱን በራሱ እንደሾመው፣ ሊቀ ከዋክብት ነው። ወሬውን ሁሉ «ነገሩ ቀላል ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ሲጨርስ ቀድሞ የማውቀውም ይጠፋኛል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ጥፋቱ የኔ ይሆናል ብዬ ዝም እላለሁ። አንድ ቀን የመሬትን አዟዟር ሊያሳየኝ የማጥበውን ድስት ነጥቆኝ በወጥ ቤቱ ውስጥ ተሽከረከረ። መሬት ድስቱ ይሁን እሱ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

የኮከብ ተመልካቾች ማኅበር የሚሰበሰበው ከምንኖርበት ሕንፃ ጣራ ላይ ነው። አባላቱ እሱ፣ አንድ ጡረተኛ ዘበኛ እና ሁለት እህትማማች ልብስ ሰፊዎች ናቸው። አከራያችን እትዬ ግን ጣራውን ለልብስ ማስጫ ፈልገውታል። ዛሬ በዓይኔ አንድ ነገር ካላየሁ ነገ ገመድ አስወጥራለሁ ብለው ቁርጡን ነግረውታል።

ጀምበር ጠልቃ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወንድም ጋሼ ቴሌስኮፑን አጠማዞ አጠማዞ፣ ከኮረብታው በላይ አንዲት ቀይ ክብ ነገር አገኘ። «ማርስ» አለ፣ ኮፍያውን አውልቆ። ዘበኛው አየና ራሱን ነቀነቀ። ከእህትማማቾቹ አንዷ ተራራ አየሁ ስትል፣ ሌላዋ ተራራው ላይ በረዶ ጨመረችበት። እኔ ያየሁት ማርስን ይሁን የራሴን ሽፋሽፍት አላውቅም፤ ቆንጆ ናት አልኩ። ሌላ ጊዜ ኮከቡ ሁሉ ከመስታወቱ ቶሎ ቶሎ እየሸሸ ያስቸግረው ነበር። ይቺ ግን ንቅንቅ አላለችም። ይህንንም የመሣሪያው ብቃት ነው ብሎ አስረዳን።

ተራው የእትዬ ሆነ። ገና ጎንበስ ሲሉ መብራት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ፤ ማርስም አብራ ጠፋች።

«ምንም አይታየኝም፣ ልጄ» አሉ እትዬ።

ዘበኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ያ የኮረብታው አንቴና መብራት እንዳይሆን ሲል በቀስታ ጠየቀ። ወንድም ጋሼ አፉን ከፍቶ ቀረ። ይህን ዝምታ ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬ፣ ሲመጣ ግን አልወደድኩትም።

«እትዬ፣ እስቲ ቀና ይበሉ» አልኩ። ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።

ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። በጨለማው ሰማዩ በከዋክብት ሞልቶ ፈሶ ነበር። «ይሄ ሁሉ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉ።

ወንድም ጋሼን በክርኔ ነካሁት።

«ንገራቸው እንጂ። እኔም ልስማ።»

እትዬ ጣራውን ተዉለት። አሁንም ወንድም ጋሼ እዚያው ላይ ቆሞ እያስረዳ ነው። እኔም ምንም ሳይገባኝ አጠገቡ ቆሜያለሁ።