የምስጋናው ባነር

የሰው ልጅ ውለታ ቢስ ነው የሚል ሁሉ እኛ ደሴት መጥቶ ይታዘብ። እኔ በምሠራበት የጠላቂዎች ማረፊያ ያልተመሰገነ ሠራተኛ የለም። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው የምስጋና ኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። ቃለ ጉባኤው እጄ ላይ አለ።

እንግዶቻችን ከሩቅ አገር መጥተው ሳምንት ሙሉ ባሕር ውስጥ ዓሣ ሲያዩ ይሰነብቱና ሊሄዱ ሲሉ ልባቸው ይራራል። ድሮ ጉርሻውን በየእጃችን ያስጨብጡን ነበር። ኋላ ግን ይህ አሠራር የሠራተኛውን ክብር የሚነካ ሆኖ ተገኘ። ያገኙት ሥራ አስኪያጃችን ሰር ኤፒፋንዮ ናቸው፤ እኛማ ለዓመታት ስንቀበል አንድም ቀን ክብራችን ሲነካ አልተሰማንም። ስለዚህ እንግዳ መቀበያው ላይ ቁልፍ ያለው ሳጥን ተቀመጠ። በዓመት አንዴ ተከፍቶ ለሁሉም እኩል ይካፈላል ተባለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፤ ቁልፉን ግን ሸክም እንዳይሆንብን ብለው ራሳቸው ያዙት።

በዚህ ሳጥን ከሁላችን ይልቅ ተስፋ የጣለው ማኖንግ ዶሜንግ ነበር። ማኖንግ የምንለው ታላቃችን ስለሆነ ነው። ሥራው ጓሮ፣ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ቆሞ የጠላቂዎቹን ሲሊንደር አየር መሙላት ነው። እንግዶቹ ባሕር ውስጥ እየመራ የባሕር ፈረስ ያሳያቸውን መሪ ስሙን እየጠሩ ያቅፉታል፤ የሚተነፍሱትን አየር የሞላላቸውን ሰው ግን አያውቁትም። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ አንድ ጊዜ ብቻ ጉርሻ ጨብጧል፣ ያውም አትክልተኛው መስሏቸው።

ታኅሣሥ ላይ የመጣው አውሎ ነፋስ የማኖንግን ቤት ጣሪያ ነቅሎ ወሰደው። እሱም የዘንባባ ቅጠል ጣል ጣል አድርጎ፣ ከሚስቱና ከአሮጊት እናቱ ጋር ሳጥኑ የሚከፈትበትን ቀን መቁጠር ጀመረ። ሳጥኑ በግንቦት ይከፈታል፣ ዝናቡ በሰኔ ይገባል። ቆርቆሮውን ከነዋጋው መርጦ ጨርሶ ነበር።

ግንቦት ደረሰና ሳጥኑ ተከፈተ። ሰማንያ ስድስት ሺህ ፔሶ። ሰር ኤፒፋንዮ ሁላችንንም ሰብስበው፣ ስለ ምስጋና ታላቅነት ሃምሳ ደቂቃ ከተናገሩ በኋላ አንድ ጥያቄ አቀረቡ።

«ይህን ገንዘብ ብናካፍላችሁ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እንበላዋለን» አለች ወጥ ቤቷ ፔርላ።

«አያችሁ? ተበልቶ ያልቃል። ምስጋና ግን አይበላም።»

ማኖንግ ዶሜንግ ቆቡን አወለቀ። «ሰር፣ እኔ አልበላውም። ጣሪያ ነው የማለብስበት።»

«ማኖንግ» አሉ ሰር ኤፒፋንዮ ትከሻውን ይዘው፣ «ለእርስዎ እኮ ጣሪያ ያንስዎታል።»

ይህን ቃል በቃል መዝግቤዋለሁ። በዚሁ መሠረት ገንዘቡ ለመጀመሪያው የሠራተኞች የምስጋና ቀን እንዲውል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የማኖንግ ድምፅ አልተሰማም፤ በኮምፕሬሰር ጩኸት መሐል ማንም እንደማይሰማው የለመደ ሰው ስለሆነ ሲናገርም ዝግ ብሎ ነው።

ቀኑ የእኛ ስለነበር ሥራውም የእኛ ነበር። ፔርላ ለገዛ ክብሯ ከንጋት ጀምሮ አንድ ሙሉ አሳማ ፍም ላይ ስታገላብጥ ዋለች። የጠላቂዎቹ መሪዎች ወንበር ደረደሩ። ማኖንግ ዶሜንግ አየር መሙላት ሙያው ስለሆነ ሁለት መቶ ፊኛ ነፋ። የሰር ኤፒፋንዮ ዘመዶችና የከተማው ሹማምንት በሉ፤ እኛ ቆመን አስተናገድን። ሰር ኤፒፋንዮ ካራኦኬ ላይ ሰባት ዘፈን ዘፈኑልን። በመጨረሻም ለእያንዳንዳችን በላስቲክ የታሸገ የምስክር ወረቀት ሰጡን፣ እኛም ስላመሰገኑን አመሰገንናቸው።

የዕለቱ ጌጥ ግን ባነሩ ነበር። ስድስት ሜትር በአምስት፣ ወፍራም ፕላስቲክ። ከዳር እስከ ዳር የሰር ኤፒፋንዮ ፊት ፈገግ ብሎ ይታያል፤ ከአገጫቸው ሥር እኛ የአዝራር ያህል ሆነን ተደርድረናል። የማኖንግ ዶሜንግ ፎቶ ባለመገኘቱ የኮምፕሬሰሩ ፎቶ ተተክቷል።

በማግስቱ ማኖንግ ቢሮ ገብቶ ባነሩን ለማስታወሻ ቢወስደው ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቀ። ሰር ኤፒፋንዮ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ማኖንግም ባነሩን ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ ሄደ።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ወረደ። አንድ ቀን ልጠይቀው ብዬ ወደ ቤቱ ስወጣ ሰር ኤፒፋንዮ ጣሪያው ላይ ተቸንክረው ወደ ሰማይ ፈገግ ብለዋል። ዝናቡ በግንባራቸው ይወርድና በአገጫቸው አድርጎ በርሜል ውስጥ ይገባል። ወደ ውስጥ ጠብ የሚል ነገር የለም። እናትየዋ ደረቅ አልጋ ላይ ተኝታ «ጌታ ይባርካቸው» አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ፤ ለሠራተኛ ሲጠቅሙ ያየኋቸው ያን ዕለት ነበርና ከልቤ ነው ያልኩት።

ቤቱ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ጀልባዎቻችን ከባሕር ሲመለሱ የሰር ኤፒፋንዮ ፊት ከሩቅ ይታያል። እንግዶቹ ይህ ማን ነው ብለው ጠየቁ። አሠሪያችን ናቸው ተባሉ። ሠራተኛ ጣሪያው ላይ የሚሰቅለው አሠሪ በዓለም የት ይገኛል ብለው ተደነቁ፣ ሳጥኑም በዚያ ዓመት ከአፉ ሞላ። ሰር ኤፒፋንዮም ይህን ሲሰሙ ሁለተኛው የምስጋና ቀን እጥፍ ድርብ እንዲሆን አዘው፣ ሰብስበውን አስተያየት ያለው እንዲናገር ዕድል ሰጡ።

በስብሰባ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ተናግሮ የማያውቀው ማኖንግ ዶሜንግ እጁን አወጣ።

«ባነሩ ዘንድሮም አይቅር፣ ሰር። ፕላስቲኩ ግን ከአምናው ወፈር ይበል።»

«ስንት በስንት ይሁን ይላሉ ማኖንግ?»

ማኖንግ ከኪሱ የተቋጠረ ሲባጎ አወጣ። «አራት ሜትር ከሃምሳ በሦስት። ሚስቴ ናት የለካችው። ወጥ ቤታችንም ላይ ልታይዎት ትፈልጋለች።»

ሰር ኤፒፋንዮ መሐረባቸውን አወጡ። ፍቅር በአንድ ቤት ብቻ መቅረት የለበትም፣ ለሁሉም ይታተም አሉ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ስብሰባው ሲበተንም ሠራተኛው ተሰልፎ የየጣሪያውን ልክ አስመዘገበኝ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ የቤቴን ተራ ቁጥር አንድ ላይ ጻፍኩት።