ማንም ያላየው ፎጣ

ቆዩኝማ፣ ሳቄን ልጨርስ። አባ እንድሪስ ስለ ፎጣው ያሉት ትዝ ባለኝ ቁጥር ሆዴን ይዤ ነው የምቀመጠው። እሱ ግን ኋላ ይመጣል፤ ጣፋጩ እሱ ነው፣ አትቸኩሉብኝ። አሁን ግን አንድ ነገር ልበል። በዚህ በደሴ አገር የቆንጆ ሴት ፊልም ያየ ወንድ የለም። ሁሉም የሰማ ነው። ሲኒማ የገባው ጓደኛው ነው፣ ስልኩ ላይ የጫነው የወንድሙ ልጅ ነው፣ እሱማ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያለፈው። ታዲያ ያንን ሁሉ ትኬት ማን ገዛው? ጅኒ?

የወንድሜ የሰይድ ልጅ ሐያት እናቷ ስትሞት ገና ጉብል ነበረች። ታናሿን ለይላን ሆጤ ሰፈር እኛ ግቢ ውስጥ ያሳደገቻት እሷ ናት። ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ገብታ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ ነበር፤ ደመወዟ ለለይላ ደብተርና ጫማ ሆኖ ያልቃል፣ ለራሷ የሴት ልጅ ቅባት እንኳ አትገዛም። አንድ ቀን ፊልም ሠሪዎች ፋብሪካውን ሊቀርጹ መጡና፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ ተደርድሮ ሳለ ካሜራቸው እሷ ላይ ተተክሎ ቀረ። አዲስ አበባ ወሰዷት። መጀመሪያ ሻይ የምታቀርብ የቤት ሠራተኛ አደረጓት፤ «እሺ» እና «መጣሁ» ከማለት ሌላ ንግግር የላትም። ቀጥሎ ዝም ብላ የምታለቅስ ሚስት ሆነች። ሦስተኛው ፊልም ላይ ከመታጠቢያ ቤት በፎጣ ወጣች። በቃ፣ አገር ተነቃነቀ።

ባጃጁ ሁሉ ከኋላው የሷን ፊት ለጠፈ። ደሴ ፒያሳ ላይ ጎረምሳው ፎቶዋ ስር ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ሬድዮኑ ደግሞ «የፍትወት ተምሳሌት» አላት። እኔ የአራተኛ ክፍልን ደጃፍ አይቼ የተመለስሁ ሴት፣ ሹመት መስሎኝ ሰፈሩን እየዞርሁ አበሰርሁ። ትርጉሙን የሚነግረኝ ሰው ሲጠፋ እኮ መጠርጠር ነበረብኝ።

ደግሞ ወንዱን ያሳበደው ያ በፎጣ ስትወጣ ዓይኗን ሰበር የምታደርገው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እሷው ናት የነገረችኝ። ከጧት ጀምሮ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያፈሱባት ውለው ጉንፋን ይዟት፣ ማስነጠሷን እያፈነች ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንዲት ልጅ ጉንፋን ተቃጠለ።

አባቷ ግን አልሳቀም። ስልኳን ማንሳት ተወ። ስሟ ሲነሳ ብድግ ብሎ ውጭ ይወጣል፤ ዝናብም ቢሆን ይወጣል። ከዚያ ዝናብ ውስጥ ሆኖ ምን እንደሚያስብ የጠየቀው የለም።

ዘንድሮ ለይላ ልታገባ ሆነ። በኛ ቤት ከኒካው ዋዜማ የሙሽሪትን እጅና እግር ሒና የምትቀባው እናት ናት፤ እናት ከሌለች ታላቅ እህት። የልጆቹ እናት ታማ አልጋ ላይ ሳለች የሐያትን እጅ ይዛ፣ የለይላን ሒና አንቺ ነሽ የምትቀቢልኝ ብላታለች፤ እኔ እዚያው ነበርሁ። ሐያት ደወለችልኝ። እቴቴ፣ ድግሱም ወንበሩም ይቅርብኝ፣ በጓሮ ልግባና እጇን ቀብቻት በዚያው ልመለስ፣ አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ወሬው ሲሰማ የቅሬው ሽማግሎች ሰይድ ዘንድ መጡ። ቅሬ፣ እናንተ እድር የምትሉት፣ በኛ አገር ቀልድ አይደለም፤ የሚድርህም የሚቀብርህም እሱ ነው። የቅሬው ዳኛ አባ እንድሪስ፣ ያቺ ልጅ ይህን ደጃፍ ከረገጠች ሠርግህ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም፣ አሉት። ሰይድ አንገቱን ደፋ። ቆሎ ይዤ የገባሁት እኔ ግን አፌ መቼ ያስቀምጠኛል? ፊልሙን ማን አየው ብዬ ጠየቅሁ። ወላሂ አላየንም፣ ሰማን እንጂ፣ አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ወላሂውን ለመዝጋቢዎቹ መላእክት ተውሁት። ቀስ ብዬ፣ እውነታችሁን ነው አባቶቼ፣ በቀይ ፎጣ፣ ያውም ጉልበቷን በማይሸፍን ፎጣ መውጣቷ ነውር ነው፣ አልሁ።

አባ እንድሪስ ተቆጡ። ኧረ አንቺ ሴት፣ በሰው ልጅ ላይ አትዋሺ፣ ፎጣው ነጭ ነው፣ ከጉልበቷም ይወርዳል፣ አሉ። አጠገባቸው ያሉት ደግሞ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው ብለው አረሟቸው። ሦስተኛው፣ መስመሩስ ሁለት ነው፣ አሉ።

 እኔ ቆሎውን እንደያዝሁ ሳቄን አፍኜ ማድቤት ሮጥሁ። ስመለስ ሰይድ ቀና ብሎ አንድ በአንድ እያያቸው ነበር። «ልጄ ትመጣለች፤ በፊት ለፊት ነው የምትገባው» አላቸው። ዱአ አድርገው ወጡ፤ እንደዚያ አጭር ዱአ ሰምቼ አላውቅም።

ሐያት ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጣች። አባቷ በሩ ላይ ጠበቃት። ግንባሯን ስሞ ሻንጣዋን ተቀበላት። እኔ ሞኟ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰለኝና እልል አልሁ።

ሒናውን ራሷ በሎሚ አሽታ፣ ሳህኑን ይዛ ሴቶቹ ወዳሉበት ገባች። ስሟን ሲያጠፉ የከረሙት ሁሉ ስልካቸውን እያወጡ ከበቧት። እሷ ግን አልፋቸው ሄዳ የታናሿ እግር ስር ቁጭ አለችና እጇን ዘረጋችላት። ለይላ ሁለቱንም እጆቿን ቀሚሷ ስር ከተተች። ወደ እህቷ ጆሮ ጎንበስ አለች፤ እኔ ከጎናቸው ስለነበርሁ ሰማኋት።

«እታለም፣ ሒናውን ሌላ ሰው ይቀባኝ፤ የባሌ ዘመዶች ያወራሉ። አንቺ የሠርጉ ቪዲዮ ላይ ብቻ ከጎኔ ቁሚልኝ፣ ለጓደኞቼ ሁሉ ትመጣለች ብያቸዋለሁ።»